ለቡቺ እርድ ከመጨመራችሁ በፊት ሽንኩርቱን ቀንሱለት

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ውሻ ያለው ሁሉ የቅመም አዋቂ ሆኗል፣ አንዱ እርድ ለመገጣጠሚያ ነው ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ትል ያስወጣል ቁንጫም ያባርራል ብሎ ይምላል። የኛ ሀገር ውሻ ግን መች ቅመም አጥቶ ያውቃል? በርበሬው፣ መከለሻው፣ ጨው በእንጀራ ተለውሶ ይቀርብለት የለ እንዴ!

እኔም ያው ነበርኩ። የፋሲካ ማግስት ድስት ሥር የተረፈችውን ዶሮ ወጥ (አጥንቷን አውጥቼ፣ እንደ ጠንቃቃ) ፈትፍቼ ለቡቺ ሰጠሁት፣ በዓል ለሱም ነው ብዬ። በሦስተኛው ቀን በር ሲንኳኳ ቀና ማለት አቃተው፣ የሸናው ደግሞ ኮካ ይመስላል። ሐኪሙ ከንፈሩን ገለጥ አርጎ ድዱን አሳየኝ፣ ነጭ ነው፣ ደም የሚባል የለውም።

ለካ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ነጭ ሽንኩርትም ያው ዘሩ ነው፣ ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። ክፋቱ ደግሞ በበላ ቀን ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ቀናት ቆይቶ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም። ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 15 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳው ይበቃል፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፣ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት በሉት። ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ እንደሚከተፍ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

እርዱ ትንሽ ከሆነ አይጎዳውም፣ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ስለሆነ ተአምር አትጠብቁ። በሶብላና የጥብስ ቅጠል ቆንጠር ቢደረግበትም ችግር የለውም፣ የጥብስ ቅጠልማ ፋብሪካ በሚያመርተው የውሻ ምግብም ስቡ እንዳይበላሽ ይገባበታል። ገውዝ ግን በጭራሽ፣ በዛ ካለ ያንቀጠቅጠዋል። ለትሉ ደግሞ የትል ክኒን አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ለራሳችሁ ተዉት።

አሁን ከሉካንዳ ቅንጥብጣቢ አምጥቼ ለብቻው እቀቅልለታለሁ፣ ያለ ጨው፣ ሳንባና ጉበቱንም ጥሬውን አልሰጥም፣ የኮሶ ትል ዘመድ እዚያ ይደበቃል። ቡቺ ድኗል፣ ቁሌት በሸተተው ቁጥር ግን ጓዳው በር ላይ መጥቶ ይጋደማል፣ ልጆቹም ከጠረጴዛ ሥር በእጃቸው ያቀብሉታል፣ እነሱን ማስቆም ነው ያቃተኝ።