ሰሞነኛ ቁጣ ሹም አያስደነግጥም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። አትቀየሙኝ። ከማላውቀው ሕዝብ ጋር ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር።

ሳሙኤል ሆር የሚባል የእንግሊዝ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበር። ስሙን የምታውቁ ስንት ናችሁ? አገራችንን ካርታ ላይ ቆርሶ ለሙሶሊኒ ሊሰጥ የተስማማ ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እኛ ግን ተወግተን ረሳን።

ሰውዬው የባንክ ባለቤቶች ዘር ነው። ኦክስፎርድ ተምሯል። በፈረንጆቹ 1910 የለንደኗ ቼልሲ ተመራጭ ሆኖ ምክር ቤት ገባ፤ እስከ 1944ም አልወጣም። የአየር ኃይል ሚኒስትር ሆነ፣ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1935 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር።

ጳጉሜ 6 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ ስናዘጋጅ፣ ሆር ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመ። አገሩ ከማኅበሩ ጋር ሆና ወረራን እንደምትቃወም ተናገረ። ተጨበጨበለት። በሦስት ሳምንቱ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ኅዳር 4 ቀን 1928 የሆር ፓርቲ ያንኑ ቃል ይዞ ምርጫ አሸነፈ። አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ ኅዳር 28 ያው ሰው ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ተስማማ። ከትግራይ፣ ከአፋርና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣልያን ይሰጥ አሉ። በደቡብ ደግሞ ሰፊ አገር የጣልያን ጥቅም ክልል ይሁን አሉ። ለእኛ የታሰበልን ወደ አሰብ የምታደርስ ጠባብ መሬት ነበረች። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ራሱ «የግመል መተላለፊያ» ብሎ ተሳለቀባት። ይህ ሲፈረም ደሴ በቦምብ ከተደበደበች ሁለት ቀኗ ነው።

ምስጢሩ በማግስቱ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ተራው እንግሊዛዊ፣ ኢትዮጵያን ረግጧት የማያውቀው ሰው፣ ቁጭ ብሎ ለወከለው የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ጻፈ። «የመረጥኩህ በዚህ ቃል አልነበረም» አለው። ደብዳቤው ጎረፈ። የገዛ ፓርቲው አባላት ወንበራችንን እናጣለን ብለው ደነገጡ። ታኅሣሥ 8 ሆር ሥልጣን ለቀቀ። በማግስቱ፣ ቀደም ሲል ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ወድቆ የሰበረውን አፍንጫውን በፕላስተር አሽጎ ምክር ቤት ቀረበና ያደረገውን አስረዳ። ከፊርማው እስከ ስንብቱ 10 ቀን ነው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። የምርጫ ክልላችሁን ተመራጭ ስም ታውቃላችሁ? የባለሥልጣኑን ዘር ከእነ ቅድመ አያቱ እንቆጥራለን። ፌስቡክ ላይ ስለ እሱ ስንሰዳደብ እናድራለን። በስማችን እጁን የሚያወጣውን ሰው ግን መንገድ ላይ ብናገኘው አንለየውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና 54 አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ሕዝብ ሊያወርደው እንደሚችል ይላል። እንደ ሕዝብ ይህን አንቀጽ ይዘን መቼ ጠየቅን?

ፍርሃት አለ ትሉኛላችሁ። አለ፣ ከሜዳ የመጣም አይደለም። በጥያቄው ምክንያት የተጎዳ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ እዚያ ቤት ሄጄ ማንንም አልገስጽም። ግን ለንደንና ዋሽንግተን ያላችሁትን ምን ያዛችሁ? እናንተ መልስ የሚሰጥ ተወካይ አላችሁ። የቤታችሁን አድራሻ ጽፋችሁ ደብዳቤ ብትልኩለት ጽሕፈት ቤቱ ይቀበላችኋል። እናንተ ግን ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብታችሁ እርስ በርሳችሁ ትጯጯኻላችሁ።

የባሰው ጥፋታችን ግን ሌላ ነው። ሆር ተመለሰ። በስድስት ወር ውስጥ! ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ግንቦት 28 ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ያ ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ ያኔ የት ነበር? ደክሞት ነበር። ቁጣው ካለቀ ቆይቷል። ሆር ከዚያ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነ፣ በጦርነቱ ጊዜ ስፔን ላይ አምባሳደር ሆነ፣ የጌትነት ማዕረግም ተሰጠው። ለእውነት ስል ደግሞ ይህንም ልበል፦ በፈረንጆቹ 1938 የአይሁድ ሕፃናት ከናዚ ሸሽተው እንግሊዝ እንዲገቡ በር የከፈተው እሱ ነው። በኋላም የሞት ቅጣት ይቅር ብሎ ተሟግቷል። ሰውዬው ሰይጣን አልነበረም። የሚያየው ሕዝብ ሲኖር አንድ ዓይነት፣ ሕዝቡ ሲተኛ ሌላ ዓይነት ነበር።

እኛ እንግዲህ ስድስት ወር እንኳ አንቆይም። አንድ ግፍ ይሰማል፤ ፕሮፋይል እንቀይራለን፣ ሻማ እናበራለን፣ እሳት ጎርሰን እሳት እንለብሳለን። በሳምንቱ ሌላ ወሬ ይመጣና ያኛውን ውሃ ይበላዋል። ተጎጂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሹሙም ይህን ያውቃል። ስለዚህ መልስ አይሰጥም፤ ቁጣችን እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ተመራጮች ወደየመጡበት ይወርዳሉ። የእናንተው ሲመጣ ስብሰባው ላይ ተገኙ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከዕድራችሁ ወይም ከሰፈራችሁ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። የመለሰውን ደብተር ላይ ከእነ ቀኑ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ያንኑ ደብተር ይዛችሁ ያንኑ ጥያቄ ድገሙለት።