ካሜራው አይደለም ያጣላቸው
ስለ አንድ አማተር የሜታል (ከባድ ሮክ) ባንድ ጠብ የተሠራውን ዶክመንተሪ ያዩ ሰዎች «ካሜራው ባይገባ ባንዱ አይጣላም ነበር» የሚሉት አልተዋጠልኝም። እንዲህ ባለ ሌላ ዶክመንተሪ ላይ ድምፅ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። አማተር የሜታል ባንድ ካሜራ ሳይመጣም ይጣላል፤ ጊታሪስቱ ድምፁን ይጨምራል፣ ድራመሩ የራሱ አልሰማ ሲለው የባሰ ይደበድባል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው ሲቃጠል ሁለቱንም ይሳደባል፣ የልምምድ ክፍሉን ኪራይ ደግሞ ሁሌ አንድ ሰው ነው የሚከፍለው። የኛ ትልቁ ጠብ የመጣው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ የሁለት ቀን ልምምድ ቆራርጦ አንድ ጭቅጭቅ አደረገው፤ ባሲስቱ በሌላ ቀልድ የሳቀው ሳቅ ድራመሩ ላይ ያፌዘ አስመሰለው። «ዝነኛው የሜታል ባንድ ሜታሊካም እየተቀረጸ ታርቋል» ለሚለው ደግሞ፣ እነሱ እኮ ስለነሱ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ ለሚታየው፣ ባንዱን ለሚያስታርቀው አማካሪ በወር 40,000 ዶላር ይከፍሉ ነበር። የዚህ አማተር ባንድ ልጆች ግን የጊታር ክር ለመቀየር እንኳን ተበዳድረው ነው።