አዋሽን ባዶ እጁን ለማይሸኙት እንግዶች

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያን አፈር ተሸክሞ ለሱዳንና ለግብፅ ለሚያስረክብ ወንዝ ምን ቢሰጡት የሰጪው አገር አትጠቀምም። አዋሽ ግን ጨዋ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። እሁድ እሁድ ከአዳማ ወደ ሶደሬ እየወረዱ ወንዙን በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በፌስታልና በተጋጠ አጥንት የሚያንበሸብሹትን ወገኖቻችንን ማመስገን ስለዚህ የዘገየ የዜግነት ግዴታ ነው፤ የሰጡት ሁሉ አንዲት ክዳን ሳትባክን አገር ውስጥ ይቀራልና።

የእነዚህ እንግዶች ሌላው ትሩፋት በመንገድ ላይ በምንም ነገር የማይታለሉ መሆናቸው ነው። ከአዳማ በአሰላ መንገድ ወጥቶ አዋሽ መልካሳ እስኪደርስ ድረስ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። መልካሳ ራሷ ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ትምሰል እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎች ከዚያ ወጥተው ለገበሬው ደርሰዋል። በዚችው ከተማ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚያገለግለውን አልሙኒየም ሰልፌት የሚያመርት ፋብሪካም አለ። የውሃ ማጣሪያ በሚመረትበት ከተማ መሐል አልፎ ውሃ ለማቆሸሽ መውረድ ጽናት ይጠይቃል። እንግዶቻችን ጽናቱ አላቸው፤ በዚያ ላይ የመኪናው መስኮት ዝግ ነው፣ ስፒከሩም ከውስጥ ያስተጋባል።

ሶደሬ ሲደረስ ስፒከሩ ከመኪናው ወርዶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከጎረቤት ምንጣፍ ስፒከር ጋር የሚያደርገው ፉክክርም ወፎቹን ከወንዙ ማዶ ያሻግራቸዋል። ጥሬ ሥጋው፣ አዋዜውና ቢራው ይደረደራል። ከመሬት ሥር ትኩስ እየሆነ የሚወጣውን ፍልውሃ ለማየት ጊዜ የሚያገኝ ጥቂት ነው፤ ገንዳው ዳር ፎቶ ከተነሡ በቂ ነውና። ዋናው ሥነ ሥርዓት የሚጀመረው ከምሳ በኋላ ነው።

በቅርቡ የስፖርት ቱታ የለበሰ አንድ አባወራ ባዶ ጠርሙሶች ታቅፎ ከቆሻሻ መጣያው በርሜል አጠገብ ሲያልፍ ተመለከትሁ። ሽማግሌው ጥበቃ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ጌታዬ፣ በርሜሉ እዚህ ነው» አሉት። ቆም ብሎ በርሜሉን በሐዘኔታ ተመለከተውና፣ «አባቴ፣ ሁላችንም በርሜል ውስጥ ከጣልን ጽዳቶቹ ምን ሊበሉ ነው?» ብሏቸው መንገዱን ቀጠለ። የሥራ ዕድል ፈጠራን ጉዳይ በዚህ ፍጥነት የሚያብራራ ባለሙያ በየትኛውም ስብሰባ ላይ አልገጠመኝም። ከወንዙ ዳር ቆሞ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሲወረውር፣ ትንሿ ልጁ ሱሪውን ይዛ፣ «አባዬ፣ የት ነው የሚሄዱት?» አለችው። «ባሕር ይገባሉ፣ የኔ ቆንጆ» አላት። ከላይ እንደተገለጸው አይገቡም፤ ልግስና ላይ ያለ ሰው ግን በጂኦግራፊ አይጨቀጨቅም። ከጠርሙሶቹም አንዱ ሩቅ አልሄደም፤ ዳር ካለው ደንገል ተሰክቶ በቦታው ሲዞር ቆየ።

ጦጣዎቹም ከዚህ በረከት አልተረሱም። የዱር ፍሬ ለቅሞ ከማደር ኋላቀርነት ወጥተው፣ የቺፕስ ከረጢት በጥርስ ቀድዶ ጨዋማውን ፍርፋሪ በጣት መጥረግን ተምረዋል። አንዷ ትምህርቷን ጨርሳ ፌስታሉን ከነሙዙ ከሕፃን እጅ መንትፋ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ ያስተማሯት ሰዎች «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ድንጋይ ይወረውሩባታል፤ መቼም ምረቃ ያለ ግርግር አያልፍም።

የአዳማ ሰው ያሳየው ብልሃት ግን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። የከተማችን የመጠጥ ውሃ የሚጠለፈው ከዚሁ ከአዋሽ ነው፤ የሚጠለፈው ግን በቆቃ በኩል፣ ከሶደሬ በላይ ነው። ስለዚህ ሶደሬ ላይ የወረወርነው ወደ ቧንቧችን የሚመለስበት መንገድ የለውም። የሚወርደው ወደ መተሐራ የሸንኮራ ማሳ፣ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴ፣ ከዚያም ወደ አፋር ነው። በዚያ ደረቅ ቆላ የሚኖረው አርብቶ አደር ከብቱንና ፍየሉን የሚያጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ፌስታል የዋጠች ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ብትሞት፣ ባለቤቷ ፌስታሉ ከማን ምንጣፍ ላይ እንደተነሣ ሊያውቅ አይችልምና ስማችን አይነሣም። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳታውቅ የሚለውን ትእዛዝ ከዚህ በላይ የፈጸመ ሕዝብ ካለ ይቅረብ።

አንዳንድ ነቃፊዎች፣ «ወንዙን የምታቆሽሸው አዲስ አበባ ሆና ሳለ የሶደሬ እንግዳ ምን አደረገ?» ይላሉ፤ ይህ የእንግዶቻችንን ድካም ማሳነስ ነው። እርግጥ ነው፣ መዲናችን ጉድፏን በአቃቂ ወንዝ በኩል ለአዋሽ ስትገብር ኖራለች። ይሁን እንጂ በጣሊያን የጦር ካሣ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ደለሉንም ተንሳፋፊውንም እየያዘ የአዲስ አበባን ስጦታ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ሐይቁ በደለል ተጨናንቋል፤ ጣና በእምቦጭ ስሙ ከመነሣቱ ከብዙ ዓመታት በፊትም እምቦጭን አስተናግዷል። እንግዲህ አዋሽ ከግድቡ በታች ንብረቱን እንደተቀማ ድሃ ዘመድ ሲወጣ፣ ሶደሬ ላይ ደርሶ የሚደጉመው ባይኖር ምን ይዞ መተሐራ ይገባ ነበር? ነቃፊዎቹ ይህን አስልተውት አያውቁም።

የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ልግስናው በአንድ ስፍራ መከማቸቱ ነው። ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመረች ጀምሮ ሸንኮራዋን በአዋሽ ውሃ እያጠጣች የኖረች፣ ከአዳማም ቅርብ የሆነች ከተማ ሆና ሳለ የእሁድ እንግዳ የሚያስታውሳት እምብዛም ነው። ቆቃም ቢሆን ጉማሬ እያለው፣ በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ እየተሸጠበት፣ የሚገባውን ያህል አልተጎበኘም። በመጪው እሁድ ወደዚያ ለምትሄዱ አንድ ነገር ላሳስባችሁ፦ ዓሣ አጥማጁ፣ «እባካችሁ ጠርሙሱን ውሃ ውስጥ አትጣሉብኝ፣ መረቤ ውስጥ ይገባል» ቢላችሁ ቅር አይበላችሁ። የዓሣው ነገር እንደ ዕለቱ ነው፤ መረቡ ባዶውን እንዳይወጣ ከእናንተ በቀር ማን አሰበለት?