ኧረ ቁጥሩን አሳጥሩልን!

መጽሐፉ አለ። መደርደሪያ ላይ ነው። የሚያገኘው ሰው ግን የለም። ብሶቴ ይሄው ነው፤ ዛሬ ሳልዘረግፈው አላድርም።

የምሰራው እዚህ ደሴ፣ አንዲት ትንሽ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ስሟን አልጠራም። ወሎ ውስጥ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው፣ ችግሩም የሁላችንም ነው። ካለን መጽሐፍ ግማሹ የተማሪ መማሪያና አጋዥ ነው። የቀረው የአማርኛ ልቦለድ፣ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ጤና፣ ግብርና። ይህችን ታህል መጽሐፍ በቁጥር የምንመድብበት ዴዊ የሚባለው አሰራር ግን ሚሊዮን መጽሐፍ ላለው ተቋም የሚሆን ነው።

ባለፈው አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ስለ ዶሮ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ ይኖራችሁ ይሆን?" አሉኝ። "ይግቡ እማማ፣ አረፍ ይበሉ" አልኩና ኮምፒውተሩ ላይ "ዶሮ" ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። "ዶሮ እርባታ" አልኩ። የለም። "እንቁላል" አልኩ። የለም። በእንግሊዝኛ "ፖልትሪ" ብዬ ስጽፍ ተከታትለው መጡ። ከመሃላቸው አንዱ ቀጭን የአማርኛ መመሪያ ነው። ለገበሬና ለእናቶች የተዘጋጀ፣ ሥዕል ያለው፣ እሳቸው የሚፈልጉት ቁርጥ እሱ። የተመዘገበበት ርእሰ ጉዳይ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፍለጋው መጣ። የጥሪ ቁጥሩ፣ ማለትም መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ የት እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር፣ 636.5 ብሎ ይጀምርና ከዚያ በኋላ አሃዝ በአሃዝ ይከታተላል። መጽሐፉ ቀጭን ስለሆነ የተለጠፈው ወረቀት ጀርባው ላይ አልበቃ ብሎ ወደ ሽፋኑ ዞሯል። ግማሹ ቁጥር ጀርባው ላይ፣ ግማሹ ፊት ለፊት። ያንን ቁጥር በትክክል አንብቦ የሚመልሰው ስላልነበረ ከፈረስና ከከብት መጻሕፍት መሃል ተሰክቶ አገኘሁት። እሳቸው ይሄን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እኔ ባልኖርስ? ስንቱ ሰው "የለም" ተብሎ ተመልሷል?

ዴዊን እየሰደብኩ አይደለም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ ይህን አሰራር እ.ኤ.አ. በ1876 ሲያወጣ ትልቅ ነገር ነው የሰራው። እውቀትን ለአስር ይከፍላል፣ አስሩን እንደገና ለአስር፣ ያንንም ለአስር። 600 ላይ ግብርናውና ሕክምናው፣ 900 ላይ ታሪኩና ጂኦግራፊው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ይህን ማንም ተማሪ ባንዴ ይይዘዋል። ጣጣው የሚመጣው ከነጥቡ ወዲያ ነው።

ደግሞ ቁጥሩ የተከፋፈለው በእኛ አገር ልክ አይደለም። የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ከ810 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ከ820 ጀምሮ ሙሉ ሙሉ አስር ቁጥር አላቸው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተሰጠው 892.87 ነው። እኛ ጋ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አንድ መደርደሪያ እንኳ አይሞላም። የአማርኛው ግድግዳውን ሙሉ ይዞታል። ያን ሁሉ ልቦለድ አንድ በአንድ 892.87 እያልን፣ ላዩ ላይ ሌላ አሃዝ እየጨመርን እንለጥፋለን። ለምን? ሃይማኖቱም ላይ እንደዚሁ ነው። ከ220 እስከ 280ዎቹ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ለክርስትና ነው። እስልምና 297 ላይ ነው ያለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እኩል በሚያነብበት በወሎ፣ የእስልምና መጻሕፍት በሙሉ በአንድ ቁጥር ስር ስለታጨቁ ከነጥቡ በኋላ የሚቀጠለው መዓት ነው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የራሳችን ነገር ነው። የመንዙማ መጽሐፍ የት ይግባ? ሃይማኖት ነው፣ ግጥም ነው፣ ዜማም ነው። አንዱ ባልደረባዬ 297 ያደርገዋል፣ ሌላው 892.87፣ ሌላው ሙዚቃ ነው ብሎ 780 ውስጥ ይከተዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሦስት የመንዙማ መጻሕፍት ሦስት ጥግ ተበትነው ይቀራሉ። ስለ አምባሰልና ስለ ባቲ ቅኝት የተጻፈውም፣ ስለ ዋድላ ቅኔ የተጻፈውም እንደዚያው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ ልስራ ሲል፣ አንዱን መጽሐፍ 363.8 ላይ፣ አንዱን 963 ላይ፣ አንዱን ግብርና ውስጥ እየዞረ መልቀም አለበት። አያቱ ያለፉበትን ነገር ፍለጋ ሦስት መደርደሪያ ያዞሩታል። አንድ መደርደሪያ ነጥለን "ወሎ" ብለን ብንጽፍበት ምን ይጎድላል? ጠይቄያለሁ። "ስታንዳርዱ አይፈቅድም" ተባልኩ።

ይቺ ስታንዳርድ የምትባል ነገር! ስብሰባ ላይ አንዱ ስታንዳርድ ካለ ወሬው አለቀ ማለት ነው። ግን እኮ የዴዊ ባለቤቶች ራሳቸው ለትናንሽ ላይብረሪዎች ብለው አጭር እትም አውጥተዋል፤ የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። እስከ 20,000 ርእስ ላላቸው ላይብረሪዎች የታሰበ ነው። እኛ የዚያን ሩብ የምንደርስ አይመስለኝም። ለርእሰ ጉዳይ ቃላትም ቢሆን የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ለትናንሾቹ ስለከበደ፣ ሚኒ ሲርስ የምትባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1923 ቀለል ያለ ዝርዝር አዘጋጅታ ነበር። በአሪዞና ደግሞ ጊልበርት ከተማ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት ዴዊን ጭራሽ ትቶ እንደ መጽሐፍ መደብር በቃላት ነው የደረደረው። ሕንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጣቸው አምስት የላይብረሪ ሕጎች አራተኛው "የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ" ይላል። በዚህ ሙያ የተማረ ሁሉ ለፈተና ሸምድዶታል። ታዲያ ሥራ ላይ ሲደርስ የት ገባ?

እኔ ዴዊን እንጣል አላልኩም። ዩኒቨርሲቲ ረጅሙን ቁጥር ይጠቀም፣ እዚያ በአንድ ጠባብ ርእስ ብቻ መቶ መጽሐፍ ሊኖር ስለሚችል ያስፈልገዋል። እኛ ግን ሦስቱ አሃዝ ላይ እናቁም። 636 ካልን የቤት እንስሳት ሁሉ አንድ ቦታ ይሆናሉ። እዚያ ያለው መጽሐፍ በሁለት እጅ ቢታቀፍ የሚያልቅ ነው፣ ዶሮውን ከከብቱ ለመለየት ዓይን ይበቃል። ነገ ከበዛ ቁጥሩን ማስረዘም ይቻላል፤ የዴዊ ጥሩነቱም ይሄ ነው። ልቦለዱ ላይ ምንም ቁጥር አያስፈልግም። በደራሲው ስም በሀሁ ተራ ይደርደር፣ በቃ። በራሱ ስም ነው የምለው። ከውጭ የተቀዳው መዝገብ የኛን ሰው በአባቱ ስም ገልብጦ ስለሚያስገባ፣ ከበደን የሚፈልግ አንባቢ ከ"ከ" ስር አያገኘውም።

መደርደሪያው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ይጻፍ። ጤና። ግብርና። የልጆች። ሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰው በርበሬ ተራንና እህል ተራን ጠይቆ ይደርሳል እንጂ ቁጥር ይዞ አይዞርም።

ካታሎጉ ውስጥ የሚገባው ቃል አንባቢው የሚጠይቅበት ቃል ይሁን። "ስኳር በሽታ" ብሎ ለሚመጣ "ስኳር በሽታ" ይመዝገብለት። እንግሊዝኛውም ጎኑ ይቀመጥ፣ ማንም አልጠላውም። አጻጻፉ ላይ ግን እንስማማ። አንዱ "ፀሐይ"፣ አንዱ "ጸሀይ" ብሎ ካስገባ ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት ነገር ነው የሚያያቸው። እንደ ኮሃ ያለው ነፃ የላይብረሪ ሶፍትዌር በግእዝ ፊደል ይሰራል፣ ስለዚህ በፊደሉ ማሳበብ አይቻልም። የጎደለው ሁለት ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ የጥቂት መቶ ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው።

አሁን ስለ ካርቶኖቹ ልናገር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቱንም ላይብረሪውንም ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ደግ ሰዎች መጽሐፍ አሰባስበው ላኩልን። ካሉበት ከተማ በራሳቸው ብር እያስጫኑ። ዛሬም ድረስ ከፊሉ እንደታሸገ ጓዳ ውስጥ ተከምሯል። ለምን ቢባል "ምደባውን የሚያውቅ ባለሙያ እስኪመጣ" ነው። የደሴ ጉምና እርጥበት ደግሞ ባለሙያ አይጠብቅም፤ የታችኞቹ ካርቶኖች መሽተት ጀምረዋል። በሦስት አሃዝ ብንሰራ እኔና ሁለት የክረምት በጎ ፈቃደኛ ልጆች ስንት ካርቶን ባወጣን ነበር! ልጆቹ እኮ በየዓመቱ መጥተው "ምን እንስራ?" ይሉናል። አቧራ አራግፉ እንላቸዋለን።

እናም የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ የምጠይቀው በጀት አይደለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። "ከ20,000 ርእስ በታች ያላችሁ ሦስት አሃዝ ተጠቀሙ፣ ርእሰ ጉዳዩን በአማርኛ መዝግቡ፣ የአካባቢውን ታሪክና ባህል ለብቻው ደርድሩ" የምትል ደብዳቤ። ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወረኢሉ፣ ከሚሴ፣ ላሊበላ ያላችሁ የላይብረሪ ሰዎች ደግሞ፣ አንባቢ በብዛት የሚጠይቃችሁን ቃላት ጻፉልኝ። እንዴት ብሎ እንደሚጠይቃችሁ፣ በራሱ አነጋገር። ዝርዝሩን እኔ አጠናቅሬ ለሁላችሁም መልሼ እልካለሁ። "ዶሮ እርባታ"ን አስገብቻለሁ፣ ከዚያ ቀጥሉ።