ሠራተኛን ሥራ የሚያስፈታው ማን ነው?

የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው ይህችን መስፈርት ያውቃታል፦ «በአንድ ጊዜ በርካታ ሥራዎችን ማከናወን የሚችል/የምትችል»። ለሒሳብ ሠራተኛም፣ ለጸሐፊም፣ ለሽያጭ ባለሙያም ትጻፋለች። አንዳንዴ ለሹፌርም ጭምር። ሹፌር መሪ ይዞ በአንድ ጊዜ በርካታ ነገር ሲያከናውን ምን እንደሚመጣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠየቅ።

ለመሆኑ ይህ ችሎታ ስንት ሰው ጋ አለ? የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 200 ሰዎችን መንዳት የሚያስመስል ማሽን ላይ አስቀመጡ። እየነዱ በስልክ ቃላት እንዲያስታውሱና ሒሳብ እንዲሠሩ አደረጓቸው። አንዱም ሳይበላሽባቸው የተወጡት 2.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ200 ሰው አምስት ማለት ነው። ሌላው ሰው ከሁለት ያጣ ሆነ።

ቡና እያፈሉ ወግ መያዝ ማንም ይችላል። እጅ የለመደው ሥራ ሐሳብ አይሻም። ችግር የሚመጣው ሁለቱም ሥራዎች ማሰብ ሲጠይቁ ነው። ያኔ ጭንቅላታችን ሁለቱን አብሮ አያስኬድም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዞር ሐሳባችን ጠቅልሎ አይመጣም። ከፊሉ ጀምረን የተውነው ላይ ይቀራል። አዲሱን ሥራ የምንሠራው በተረፈው ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሰኔ ላይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ይግባ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሠራተኛዋ የባንክ ሒሳብ እያስታረቀች ነው። በሩ ላይ ባለጉዳይ ቆሟል። ኃላፊው ደውሎ «አንዴ ብቅ በይ» ይላታል። ብቅ ስትል ያቺ «አንዴ» ግማሽ ሰዓት ትሆናለች። ተመልሳ 5,640 ብላ የምትመዘግበውን 5,460 ብላ ታስገባዋለች። ሒሳብ አልገጥም ሲል ልዩነቱ 180 ነው። የሙያው ሰዎች ልዩነቱ ለ9 እኩል ሲካፈል ቁጥር ተገለባብጦ እንደሆነ ይጠረጥራሉ። መጠርጠር አንድ ነገር ነው፤ ከመቶ ምናምን ደረሰኝ መካከል የትኛው እንደሆነ ማግኘት ሌላ። አምሽታ ትፈልጋለች። በማግሥቱ ግምገማ ላይ «የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለባት» ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ስልክ ነው። ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ኳስ። አልዋሽም፣ አለ። ደመወዝ ወር ስለማያደርስም በሥራ ሰዓት በስልክ ድለላ የሚያጧጡፍ ሰው ሞልቷል። ያ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ስልክ በመቀማት አይፈታም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በሥራ ቦታ ትልቁ ሥራ አስፈቺ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው።

የቢሮውን የቴሌግራም ግሩፕ ተመልከቱ። ጠዋት የኃላፊው «እንደምን አደራችሁ» ይገባል። ሃያ ሰው እየተከታተለ አበባ ይለጥፋል። ከዚያ የስብሰባ ፎቶ፣ ከዚያ የለቅሶ መልእክት፣ ከዚያ «እስከ 6 ሰዓት ሪፖርት ይላክ»። ከዚያ እንደገና አበባ። ያቺ የሪፖርት ትእዛዝ አበባው መሀል ስለተቀበረች ማንም ግሩፑን ድምፁን አጥፍቶ ሥራውን ሊሠራ አይደፍርም። ዘግይቶ «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ ይታወቅበታል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ይውላል። ይሄ እንግዲህ የታዘዘ ነው፤ ከሠራተኛው ስንፍና ጋር ምንም አያገናኘውም።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ግሎሪያ ማርክ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ ሳይቀይሩ የሚቆዩበትን ጊዜ ለዓመታት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ያገኙት ሌላ ነገር ግን ይበልጥ ያስገርማል። ሌሎች ሲያቋርጡት የዋለ ሰው፣ ቀጥሎ ራሱን በራሱ ማቋረጥ ይጀምራል። ማንም ሳይጠራው ስልኩን ያነሳል። ልማዱን ያስያዘው ማን ሆነና!

«እኔ እኮ ስዋከብ ነው የምፈጥነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፣ በከፊል። እኒሁ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ የሚቋረጡት ሰዎች ፈጥነው ጨርሰዋል። ጭንቀታቸውና ብስጭታቸው ግን ጨምሯል። ይሄ ነው ማታ ቤት ገብቶ ልጆች ላይ የሚፈነዳው።

መፍትሔው «ስልክህን መሳቢያ ውስጥ ክተት» የሚል ምክር አይመስለኝም። አቪዬሽን ከዚህ የተሻለ ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኢስተርን ኤርላይንስ 212 የተባለ በረራ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሻርለት ሊያርፍ ሲል ጭጋግ ውስጥ ተከሰከሰ። አብራሪዎቹ እየወረዱ ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ይጨዋወቱ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች በኋላ፣ በ1981፣ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ደንብ አወጣ። በመነሻና በማረፊያ ወቅት፣ በጥቅሉ ከ10,000 ጫማ በታች፣ ለበረራው ደኅንነት የማያስፈልግ ሥራም ወሬም ተከለከለ። ደንቡ መጀመሪያ የሚከለክለው ማንን ይመስላችኋል? አየር መንገዱን ነው። አሠሪው በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ማዘዝ አይችልም ይላል። አብራሪው የሚጠቀሰው ቀጥሎ ነው።

ቢሮዎቻችን የሚጎድላቸው ይሄ ቅደም ተከተል ነው። በሰኔ ሒሳብ የሚዘጉ ሰዎች ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት አይጠሩ። ባለጉዳዩም በር አይዘጋበት፤ በየተራ አንድ ሰው መስኮት ላይ ተመድቦ ያስተናግደው። ትእዛዝ የሚለጠፍበትና እንኳን አደረሳችሁ የሚባልበት ግሩፕ ይለያዩ። ሦስቱም በጀት አይጠይቁም፤ የኃላፊው ፊርማ ብቻ ይበቃቸዋል።

«ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ?» ይባላል። ይደወላላ! በቀን አሥሬ የሚደወልበት ድንገተኛ ካለ ግን ችግሩ ያለው ዕቅዱ ላይ ነው። ዕቅዱን የያዘው ደግሞ ደዋዩ ነው።