ማስተካከያ፦ የካነን 700ዲ ሌንሶች አር50 ላይ ይሠራሉ

የ2013ቱን ካነን 700ዲ ከ2023ቱ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) አር50 ጋር ባነጻጸረው ጽሑፍ «የድሮ ሌንሶች አዲሱ ካሜራ ላይ አይሠሩም» የተባለው ትክክል አይደለም። በቀጥታ አይገጥሙም እንጂ፣ ኢኤፍ-ኢኦኤስ አር በተባለው የካነን አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) 700ዲ የሚወስዳቸው የኢኤፍም የኢኤፍ-ኤስም ሌንሶች ከነአውቶፎከሳቸው ይሠራሉ። አዳፕተሩ የራሱ ሌንስ ስለሌለው የምስል ጥራት አይቀንስም። ስለዚህ የ700ዲውን 18-55 ሌንስ ለመሸጥ ማንም አይቸኩል፤ ካሜራውን ብቻ ገዝቶ መጀመር ይቻላል።

ምስሉ ይቆረጣል የተባለውም ለአር50 አይሆንም፤ የሁለቱም ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የተባለው አነስተኛ መጠን ነው። መቆረጡ የሚመጣው ለአነስተኛው ሴንሰር የተሠራው የኢኤፍ-ኤስ ሌንስ እንደ አር8 ባለ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ተለቅ ያለ) ካሜራ ላይ ሲገጠም ነው፤ የአር8 24 ሜጋፒክስል ወደ 9 ገደማ ይወርዳል።

ፍላሽ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአር50 የፍላሽ መግጠሚያ የተለመዱት የብረት ነጥቦች የሉትም፤ የድሮ ፍላሽ ወይም ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያበራ መሣሪያ) ቢገባበት እንኳ አይበራም። ኤዲ-ኢ1 የተባለው አዳፕተር የግድ ስለሆነ ዋጋው ንጽጽሩ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ባትሪያቸውም የተለያየ ነው፤ 700ዲ ኤልፒ-ኢ8፣ አር50 ደግሞ ኤልፒ-ኢ17 ይወስዳል። 700ዲ በቪውፋይንደር (በዓይን በሚታይበት መመልከቻ) በአንድ ቻርጅ 440 ያህል ፎቶ ያነሳል። የአር50 ቪውፋይንደር ራሱ ትንሽ ስክሪን በመሆኑ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ለሠርግ ሥራ ትርፍ ባትሪ ይያዝ።