ሳይሽሩ መሻር

የአሜሪካ ፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የዳኞች ምክር ቤት በዳኛ ፖሊን ኒውማን ላይ የጣለውን እገዳ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ለአንድ ዓመት ዳግም አራዘመው። እገዳው ከ2023 ጀምሮ ያለ ነው። ያኔ የ98 ዓመቷ ዳኛ ጥፋት ለሥራው ብቁ መሆናቸው እንዲጣራ ምክር ቤቱ በመረጠው ሐኪም አልመረመርም ማለታቸው ነው። የእገዳው ደጋፊዎች ደግሞ «ማን ሻራቸው? ደመወዛቸውም ማዕረጋቸውም እንዳለ ነው» ይሉናል።

ዳኛ በደመወዝ ነው እንዴ ዳኛ የሚሆነው? እዚያ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለሦስት ዳኞች ይደለደላል፤ ከበድ ያለው ሙሉ ጉባኤው ዘንድ ይቀርባል። ኒውማን የሁለቱም ደጅ ተዘግቶባቸዋል። የሚፈርሙት ፍርድ የለም፤ የሚጽፉት የልዩነት ሐሳብም የለም። የታወቁት ደግሞ በልዩነት ሐሳባቸው ነው። ከየል በኬሚስትሪ ዶክትሬት ይዘው፣ በኬሚካል ኩባንያ 30 ዓመት ያህል የፓተንት (የፈጠራ መብት) ሥራ ሠርተው፣ በ1984 በፕሬዚዳንት ሬገን ተሾሙ። በ2000 ፌስቶ በተባለው የፓተንት መዝገብ ከአብላጫው የተለዩበትን ውሳኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሽሮታል።

የዳኞችን ሥነ ምግባር የሚመለከተው የ1980ው ሕግ አዲስ መዝገብ መከልከልን የፈቀደው ለጊዜው፣ ያውም ቀኑ ተቆርጦ ነው። ባለቀ ቁጥር የሚታደስ ዓመት ምኑ ነው የተቆረጠው? ሴትዮዋ በእርግጥ ታመዋል ካሉ ሕጉ መንገድ አላሳጣቸውም፦ የምክር ቤቱ አብላጫ «በዘላቂነት መሥራት አይችሉም» ብሎ ፈርሞ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይልካል፤ ፕሬዚዳንቱም በሴኔት ስምምነት ተጨማሪ ዳኛ ይሾማል። ይህን አላደረጉም። ለምን? እሱ መንገድ ሕመሙን ማስረዳት ይጠይቃላ! «አልመረመርም አሉ» ብሎ የሥነ ምግባር ጥፋት ማድረጉ ይቀላል። ኒውማን ራሳቸው የመረጧቸው ሐኪሞች ብቁ ናቸው ማለታቸውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ረዳቶቻቸው አቀረቡት የተባለው አቤቱታና ፍርድ ያዘገያሉ መባላቸው ይመርመር፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ማን ይመርምር? ምርመራውን የከፈቱት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኪምበርሊ ሙር ናቸው፤ ምስክሮቹ የዚያው ቤት ሰዎች፣ ቅጣቱን የወሰኑትም የሥራ ባልደረቦች። ጉዳዩ ወደ ሌላ ሰርኪዩት (ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት) ይዛወር የሚለው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ኒውማን እገዳውን ተቃውመው ያቀረቡትን ክስ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤትም ማክብራይድ በተባሉ ሌላ የታገዱ ዳኛ ጉዳይ በ2001 የሰጠሁት ውሳኔ እጄን አስሮኛል ብሎ ውድቅ አደረገው። የማክብራይድ እገዳ እኮ አንድ ዓመት ነበር!

የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 እንኳ ዳኛ በሕመም ሲነሣ የተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ያጽድቀው ይላል። ዋሽንግተን ላይ ግን ኮንግረስ ሳይጠየቅ የዕድሜ ልክ ሹመት በየዓመቱ በሚታደስ ወረቀት ባዶ ይደረጋል። ታመዋል የሚሉት ዳኞች ስማቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ወደ ኋይት ሐውስ ይላኩት።